ነዳጅ ሲረገጥ ጉልበት የሚያጣ መኪና፦ ጉዱ የአየር ቱቦው ላይ ነበር

ቆሞ ሲሠራ ሞተሩ እንከን አይወጣለትም። ቀስ ብዬ ስነዳውም ሰላም ነው። ዳገት ላይ ወይም ለመቅደም ነዳጅ ረገጥ ሳደርግ ግን ይንተፋተፋል፣ ጉልበቱ ድራሹ ይጠፋል። እግሬን ሳላላ ይመለሳል። በመጨረሻ የሞተር መብራትም በራ።

ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው ካንዴላ ተቀየረ፤ ለውጥ የለም። የነዳጅ ፊልትሮ ተቀየረ፤ ያው ነው። የነዳጅ ግፊቱ በጌጅ ሲለካ፣ እየተነዳም ጭምር፣ አልወረደም። ስለዚህ ፓምፑ ነፃ ወጣ። ከዚያ የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ ስካነር ሰካሁ።

ኮዱ ፒ0171 ነው፤ ለገባው አየር ነዳጁ አንሷል ማለት ነው። ይህን ኮድ አይቶ በጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን የሚለካውን የኦክስጅን ሴንሰር መቀየር የተለመደ ነው። አልመክርም፤ ሴንሰሩ ብዙ ጊዜ ያየውን ነው የሚናገረው። የነዳጅ ማስተካከያውን ንባብ (ኮምፒውተሩ ምን ያህል ነዳጅ እንደሚጨምር ወይም እንደሚቀንስ) ሳይ ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ፣ ደህና ነው፣ ስረግጥ ከ20 በመቶ በላይ ይዘላል።

ከአየር ፊልትሮው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን የጎማ ቱቦ ፈትቼ አጠፍኩት። ከሥር በኩል፣ እጥፋቱ ውስጥ፣ ጣት የሚያህል ስንጥቅ አፉን ከፈተ። ተገጥሞ ሲታይ ምንም አይታይም። ነዳጅ ሲረገጥ ሞተሩ ይወዘወዛል፣ ቱቦው ይለጠጣል፣ ስንጥቁ ይከፈታል። በዚያ ሾልኮ የሚገባውን አየር ደግሞ የአየር መለኪያው ሴንሰር ከስንጥቁ በፊት ስላለ አያየውም።

ለሙከራ በፕላስተር ጠቀለልኩትና ያንኑ ዳገት ወጣሁ፤ ሳይንተፋተፍ ሄደ። ከዚያ አዲስ ቱቦ ገጠምኩ፣ ማሰሪያዎቹን አጠበቅኩ፣ ኮዱን አጠፋሁ። ንባቡ አሁን ከ5 በመቶ በታች ነው፤ መብራቱም አልተመለሰም።