ለጠመንጃ ካዝና ቁልፍ ሲመርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሰሜን ሸዋ ጠመንጃ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ የቤት ክብር ነው። ምሰሶ ላይ የተሰቀለ ምኒሽር ወይም ከአልጋ ራስጌ የተደገፈ ክላሽ ለአካባቢው ሰው ብርቅ አይደለም። ነገር ግን ምሰሶ ልጅን አይከለክልም፤ ሌባንም አይመልስም። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ አውጥቶ መሣሪያ የያዘ ሰው ካዝና ለመግዛት ሲነሣ «በባትሪ የሚሠራው ቁልፍ ይሻላል ወይስ በእጅ የሚዞረው?» ብሎ ሻጩን ይጠይቃል። መልሱ ግን ያለው ሻጩ ዘንድ ሳይሆን በገዢው ቤት ነው። ካዝናውን ማን ይከፍተዋል? በምን ብርሃን? ቢበላሽስ ማን ይጠግነዋል? እነዚህን ሳይመልሱ የሚገዙ ሰዎች የሚፈጽሟቸው ስህተቶች የሚከተሉት ናቸው።

ባትሪ ካለቀ የሚስጥር ቁጥሩ ይጠፋል ብሎ መፍራት

ብዙዎች ኤሌክትሮኒኩን የሚሸሹት በዚህ ምክንያት ነው፤ ፍርሃቱ ግን መሠረት የለውም። ደኅና ተደርጎ የተሠራ ኤሌክትሮኒክ ቁልፍ ባትሪው ለወራት ባይኖርም ቁጥሩን አይረሳም። ባትሪው፣ ብዙ ጊዜ ባለ 9 ቮልቱ፣ የሚቀመጠው ከበሩ ውጪ ከቁጥር ሰሌዳው ጋር ስለሆነ ቢሞትም ከውጪ ይቀየራል። መብራት ጠፋ መጣ ለዚህ ቁልፍ ለውጥ የለውም።

ሊያሳስብ የሚገባው ብርዱ ነው። አልካላይን ባትሪ ሲቀዘቅዝ ጉልበቱ ይቀንሳል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት አመዳይ ይጥላል። የመንዙ ቁር ደግሞ ለነዋሪው አይነገረውም። በሸዋ ሮቢት ሙቀት ያለ ችግር የከረመ ባትሪ በመንዟ መሐል ሜዳ ከተማ ቀድሞ ሊደክም ይችላል። ቁልፉ ሲከፈት እንደ ወትሮው አንዴ ጮኾ ዝም ማለቱን ትቶ ደጋግሞ ከጮኸ ባትሪ ይፈልጋል ማለት ነው። እዚህ ደረጃ ከመድረሱ በፊት ግን ዓመት በመጣ ቁጥር ለእንቁጣጣሽ ቢቀይሩት ብርዱ ሳይገባ ቀድመው ይገኛሉ። ሱቅ ውስጥ ዓመታት ያስቆጠረ ወይም ተመልሶ የሚሞላ ባትሪ አይግዙለት።

የመጠባበቂያ መክፈቻውን ካዝናው ውስጥ ማስቀመጥ

ዋጋቸው ዝቅ ያሉ ሳጥኖች ባትሪያቸው በውስጥ በኩል ነው። ስለዚህ ባትሪ ሲሞት የሚያገለግል ትንሽ መክፈቻ አብሯቸው ይመጣል። ይህን መክፈቻ «እዚያ አይጠፋም» ብሎ ሳጥኑ ውስጥ የሚያስቀምጥ ሰው ራሱ ላይ ይቆልፋል። በሩ ላይ ማንጠልጠልም ያው ነው፤ ለልጅ እንደ መስጠት ይቆጠራል። ሌላ ቤት፣ ለሚታመን ዘመድ ይሰጥ።

በእጅ የሚዞረው ፈጽሞ አይበላሽም ማለት

ሜካኒካሉ ዕድሜ ጠገብ ነው፤ በደንብ ከተያዘ ለልጅ ይተርፋል። ባትሪ አይፈልግም፤ ብርድም አያስተኛውም። ከከተማ ርቆ ለሚኖር፣ ካዝናውንም አልፎ አልፎ ብቻ ለሚከፍት አርሶ አደር እኔ የምመርጥለት ይህንን ነው።

ይሁን እንጂ አከፋፈቱን ልብ ይበሉ። ክቡ ሰሌዳ ከ0 እስከ 99 ተቆጥሯል። በተለመደው ባለ ሦስት ቁጥር ቁልፍ፣ ወደ ግራ እያዞሩ የመጀመሪያው ቁጥር ለአራተኛ ጊዜ ምልክቱ ሥር ሲደርስ ይቆማሉ። ከዚያ ወደ ቀኝ አዙረው ሁለተኛው ለሦስተኛ ጊዜ ሲደርስ፣ እንደገና ወደ ግራ አዙረው ሦስተኛው ለሁለተኛ ጊዜ ሲደርስ ይቆማሉ። በመጨረሻም እስኪይዝ ድረስ ወደ ቀኝ ነው። ጥቂት ሠረዝ ካለፉ ወደ ኋላ መመለስ የለም፤ ከሀ መጀመር ነው። ዓይናቸው የደከመ አባት በኩራዝ ብርሃን እነዚያን ደቃቅ ሠረዞች እንዲለዩ መጠበቅ ግፍ ነው። ለእርሳቸው ጎላ ጎላ ያሉ ቁጥሮችን መጫን ብቻ የሚጠይቀው ኤሌክትሮኒክ ይሻላቸዋል።

ይህ ድካም ሌላ ጥፋት ይወልዳል። አንዳንዱ ለፍጥነት ብሎ ሁለቱን ቁጥሮች አስቀድሞ አዙሮ፣ የቀረውን አንዱን ብቻ ሲፈልግ ሊጨርስ ይተወዋል። እንዲህ ያለ ካዝና ተቆልፏል አይባልም፤ በእጁ የሚነካካ ልጅ በአጋጣሚ ሊከፍተው ይችላል።

ሌላው ዘይት ነው። ቁልፉ ሲከብድ የሞተር ዘይት ወይም ናፍጣ የሚያፈሱበት አሉ። ዘይቱ ከአቧራና ከኩበት ጭስ ጥላሸት ጋር ተቦክቶ ውስጡን ያጣብቀዋል። ከከበደ ባለሙያ ፈቶ ያጽዳው። ካዝናውንም መጀመሪያውኑ ምድጃ ካለበት ክፍል ያርቁት፤ ለቁጥር ሰሌዳውም ቢሆን ጭስ ጠላት ነው።

በአሻራ መታለል

ሞፈር የጨበጠ፣ ድንጋይ የፈለጠ እጅ መስመሩ ይፋቃል፤ በጣት አሻራ የሚከፈተው ቁልፍ ባለቤቱን አላውቅህም ይለዋል። የከፋው ደግሞ የማያውቀውን ሲያስገባ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 በአሜሪካ ፎርትረስ የተባለ ኩባንያ የሸጣቸው 61,000 ያህል በአሻራ የሚከፈቱ የመሣሪያ ካዝናዎች እንዲመለሱ ተደርጓል፤ ምክንያቱ ያልተመዘገበ ጣት ሊከፍታቸው መቻሉ ነበር። ከእነዚህ ካዝናዎች ከአንዱ በወጣ መሣሪያም የ12 ዓመት ልጅ መሞቱ ተገልጿል። አሻራ ያለው ከገዙ ያልተመዘገቡ ጣቶችን፣ የልጆችዎንም ጭምር፣ ባዶ ሳጥን ላይ ይሞክሩ። እኔ ግን ልጅ ባለበት ቤት ቁጥር ብቻ ያለው ይሁን እላለሁ።

ቁልፉን አይቶ ሳጥኑን መርሳት

በስስ ቆርቆሮ ላይ የተገጠመ ጥሩ ቁልፍ ገንዘብ ማባከን ነው። አንዳንድ ርካሽ ኤሌክትሮኒኮችም በሩን የሚይዙት በአንዲት በማግኔት በምትሳብ ዘንግ ስለሆነ ሳጥኑ ሲመታ ሊለቁ ይችላሉ። ሲገዙ ቁልፉ ላይ ኢኤን 1300 (EN 1300፣ የአውሮፓ) ወይም ዩኤል (UL፣ የአሜሪካ) የሚል የደረጃ ምልክት መኖሩን ይዩ። ሲያስተክሉም ካዝናው ወለል ላይ በብሎን ይታሰር፤ የጭቃ ግድግዳ ብሎን አይዝም፤ የአፈር ወለልም እንዲሁ። ቤቱ የጭቃ ከሆነ መጀመሪያ ከሥሩ ሲሚንቶ ይፈስስለት። ያልታሰረ ሳጥን እንዳለ ተሸክመውት ይሄዳሉ፤ ያን ጊዜ የቁልፉ ዓይነት ምንም አይፈይድም።

በፋብሪካ ቁጥር መቀጠል

ብዙ ኤሌክትሮኒክ ቁልፎች ከፋብሪካ ሲወጡ 1-2-3-4-5-6፣ ብዙ የሚዞሩት ደግሞ 50-25-50 ናቸው፤ ይህን የማያውቅ የቁልፍ ሠራተኛ የለም። ኤሌክትሮኒኩን ባለቤቱ ራሱ በደቂቃዎች ይቀይረዋል። የሚዞረው ልዩ መቀየሪያ ስለሚፈልግ ለባለሙያ ይተው፤ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነውና ከመግዛትዎ በፊት ማን እንደሚቀይርልዎ ይጠይቁ። የልደት ዓመት፣ የስልክ መጨረሻ አይሁን። በሚዞረው ላይ ሦስተኛው ቁጥር ከ0 እስከ 20 ባለው ክልል ውስጥ ቢውል ቁልፉ ሊያስቸግር ስለሚችል ከዚያ በላይ ይምረጡ። አዲሱን ቁጥር በሩ ተከፍቶ ሳለ፣ መቀርቀሪያው ወጥቶ፣ ደጋግመው ይሞክሩት፤ ሁሉም ጊዜ ሲሠራ ብቻ በሩን ይዝጉ።