አቢሲኒያን ድመትን ወደ ቤት ከማምጣትዎ በፊት እንዴት ይተዋወቋታል?

ስሟ ከእኛ የተወሰደ በመሆኑ ብዙ ኢትዮጵያዊ አቢሲኒያን ድመትን ሲያይ የአገሩን ልጅ ያገኘ ይመስለዋል፤ ስለዚህ ትውውቁን ከስሟ መጀመር ይገባል። በጄኔራል ናፒየር የተመራው የእንግሊዝ ጦር፣ አፄ ቴዎድሮስ ያሰሯቸውን አውሮፓውያን ለማስፈታት መቅደላ ድረስ ዘምቶ እ.ኤ.አ. በ1868 ተመልሷል። በ1874 እንግሊዝ አገር የታተመ ስለ ድመቶች የሚናገር መጽሐፍ፣ ጦርነቱ ሲያበቃ ከአቢሲኒያ መጣች ያላትን ዙላ የተባለች ድመት ከነሥዕሏ አስፍሯል፤ ዙላ የናፒየር ጦር ከመርከብ የወረደበት የቀይ ባሕር ዳርቻ ስም ነው። ይሁን እንጂ ዙላን ከዛሬዎቹ አቢሲኒያኖች ጋር የሚያገናኝ የዘር መዝገብ የለም፤ የዘረ መል ጥናትም የዝርያውን መነሻ የሚያመለክተው ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻና ወደ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ነው። ስለዚህ ቡናማ ፀጉር ያላት የሰፈር ውርዬ «እውነተኛዋ አቢሲኒያን» ተብላ በውድ ዋጋ ብትቀርብልዎ በስሙ አይሳቡ፤ ዝርያው የሚታወቀው በተመዘገበ የዘር ሐረግ ነው።

ቀጥሎ ፀጉሯን ይመልከቱ። ከጀርባዋ የረገፈ አንድ ፀጉር በነጭ ወረቀት ላይ አኑረው ወደ መስኮት ያስጠጉት፤ ከሥሩ ፈካ ያለ፣ ወደ ላይ ጠቆርና ፈካ እያለ የሚፈራረቅ፣ ጫፉ ላይ ደግሞ የጠቆረ ሆኖ ያገኙታል። የዱር ጥንቸል ፀጉርም እንዲሁ ነው። በብዛት የሚታየው ቀለም ቀይ ቡናማ ሲሆን፣ ቀረፋ የመሰለ፣ ግራጫና ፈዛዛ ቡናማም አለ። ረጅም ፀጉር ያላት እህቷ ከዚሁ ዝርያ የተገኘች በመሆኗ በጎረቤት አገር ስም ሶማሊ ተብላለች።

ከሁሉ በላይ ጊዜ ሊሰጡት የሚገባው ግን ጠባይዋ ነው። አቢሲኒያን ጭን ላይ ተኝታ የምትውል ድመት አይደለችም፤ ቁም ሣጥን አናት ላይ ትወጣለች፣ መሳቢያ ትከፍታለች፣ ሰው በገባበት ክፍል ሁሉ ትከተላለች። አርቢው ቤት ሲሄዱ ወለል ላይ ተቀምጠው የጫማ ማሰሪያ ቀስ አድርገው ይጎትቱ። ጤነኛ ግልገል ጆሮዋን ወደ ፊት ታቀናለች፣ ደረቷን ከወለሉ ታስጠጋለች፣ ኋላዋን ወዝወዝ አድርጋ ትዘላለች፤ ጥግ ይዛ የምትንቀጠቀጥ ወይም ዓይኗ እዥ የቋጠረ ከሆነች ግን ምክንያቱን ይጠይቁ። ጨዋታው ሲያልቅ ማሰሪያውን ያንሡት፤ ድመት የዋጠችው ክር አንጀቷን ሊቆርጥ ይችላል። ቀኑን ሙሉ ሥራ የሚውሉና ቤትዎ ሰው የማይኖርበት ከሆነ ሁለት አብረው ያሳድጉ፤ ይህ ካልተቻለ፣ በእኔ እምነት፣ ሌላ ዝርያ መምረጡ ለእሷም ለእርስዎም ይሻላል።

ከአርቢው ጋር ሲነጋገሩ ከውበቷ ይልቅ ስለ ወላጆቿ ደም አጥብቀው ይጠይቁ። በዚህ ዝርያ በዘር የሚተላለፉ ሁለት ሕመሞች በምርመራ ይታወቃሉ፤ አንደኛው ቀይ የደም ሴሎች ያለ ጊዜያቸው እየፈረሱ የደም ማነስ የሚያመጣ የኢንዛይም ጉድለት ሲሆን፣ ሁለተኛው ሬቲናን፣ ማለትም ብርሃን የሚቀበለውን የዓይን የውስጥ ሽፋን፣ ቀስ በቀስ አጥፍቶ ለዓይነ ስውርነት የሚያደርስ ነው። ሁለቱም የሚከሰቱት ግልገሏ ጉድለቱን ከእናትም ከአባትም ስትወርስ ነው፤ ስለዚህ ጤነኛ የሚመስሉ ሁለት ወላጆች የታመመች ልጅ ሊወልዱ ይችላሉ። የሁለቱንም ወላጆች የምርመራ ውጤት በወረቀት ያላሳየዎት አርቢ ጋር ቀብድ አይክፈሉ። አሚሎይዶሲስ የሚባለው፣ ፕሮቲን ኩላሊት ውስጥ እየተከማቸ የሚጎዳት በሽታም በዝርያው ይታያል፤ ለእርሱ በየዓመቱ የደምና የሽንት ምርመራ ማስደረግ ይጠቅማል። ግልገሏንም 12 ሳምንት ሳይሞላት ከእናቷ አይለዩ።

ቤት ውስጥ ወተትና እንጀራ ፍርፋሪ የመስጠት ልማዳችን አይበጃትም። ብዙ ያደጉ ድመቶች ወተት ያስቀምጣቸዋል፤ ወጥ የነካው እንጀራ ደግሞ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ስላለበት የደም ሴሎቿን ይጎዳል። ድመት ታውሪን የተባለውን ንጥረ ነገር ከሥጋ ማግኘት አለባት። ፓራሲታሞል አንድ ፍሬ እንኳ ሊገድላት ስለሚችል በምንም ሁኔታ አይስጧት። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትም፣ በተለይ ኢትዮጵያ ውስጥ፣ ሊታለፍ የማይገባው ነው። ፎቅ ላይ የሚኖሩ ከሆነ ከመምጣቷ አስቀድመው መስኮቶቹን በሽቦ ወንፊት ያስጋርዱ።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት የአሸዋ ሳጥኗ፣ ምግቧና ከፍ ያለ መውጫ ባለበት አንድ ክፍል ውስጥ ታሳልፍ። እየጎተቱ አያውጧት፤ መጽሐፍ ይዘው ወለሉ ላይ ይቀመጡና እስክትመጣ ይጠብቁ። እጅዎን ከለመደች በኋላ በየቀኑ ከንፈሯን በአውራ ጣት ቀስ አድርገው ያንሡ፤ ዝርያው ለድድ ሕመም የተጋለጠ ስለሆነ፣ ከጥርሷ ሥር ቀጭን ደማቅ ቀይ መስመር ካዩ መብላት እስክታቆም ሳይጠብቁ ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዷት።