ቡናዎ ቢታመም መጀመሪያ ከፍታውን ይዩ

«ምን ልርጭበት?» ነው ሁልጊዜ የሚመጣልኝ ጥያቄ። እኔ ደግሞ «ማሳህ ስንት ሜትር ላይ ነው?» ብዬ እመልሳለሁ። ስልክም ይለካዋል። የአገራችን ጥሩ ቡና በአብዛኛው ከ1,500 እስከ 2,200 ሜትር ላይ ይበቅላል፤ የታችኛውና የላይኛው ማሳ በሽታ ግን አንድ አይደለም።

አረንጓዴ ፍሬ ላይ የጠቆረና የሰረጎደ ነጥብ

ፍሬውን በጥፍርዎ ይሰንጥቁት። ጥቁረቱ ልጣጩን አልፎ ውስጡን ካበላሸው የቡና ፍሬ በሽታ ነው። ፈንገሱ ብርድና እርጥበት ስለሚወድ ከፍ ያለው ማሳ ላይ ይከፋል። የተጨናነቀውን ቅርንጫፍ ይግረዙ፣ የጠቆረውን ፍሬ ለቅመው ያስወግዱ። ዘላቂው መላ የሚቋቋም ዝርያ ነው፤ እነ 74110 እና 74112 በሽታው እ.ኤ.አ. በ1971 አገራችን ውስጥ ከታየ በኋላ የተመረጡ ናቸው። ስማቸው መጀመሪያ ላይ ያለው 74 የተመረጡበት ዓመት ነው፣ 1974 እ.ኤ.አ.። የወጡት ግን ከኢሉባቦር ስለሆነ ሐረርጌ ያለ ገበሬ ለአካባቢው የተሞከረውን ይጠይቅ።

ጥቁረቱ ፀሐይ በሚመታው ጎን ብቻ ከሆነ ቃጠሎ ነው፤ የሚፈልገው ጥላ እንጂ መድኃኒት አይደለም።

ቅጠሉ ሥር ብርቱካናማ ዱቄት

ጣት ላይ ይቀራል። የቅጠል ዋግ ነው፤ ሞቅ ያለውን ዝቅተኛ ማሳ ይመርጣል። በደንብ የተመገበና የተገረዘ ቡና ይቋቋመዋል።

ፍሬው ሞልቶ ቅርንጫፉ ከጫፍ ሲደርቅ

ይህን ብዙ ሰው በሽታ ይለዋል። አንድ ጎረቤቴ ዋንዛውን ቆርጦ ሸጠ። በቀጣዩ ዓመት ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፈራለት፣ ሰፈሩም ቀናበት። በሁለተኛው ዓመት ቅጠል የሌለው እንጨት ቀረ። ጥላ ሲነሳ ቡናው ከአቅሙ በላይ ያብባል፤ ፍሬው የሥሩንና የቅጠሉን ምግብ ይጨርሰዋል። ብርብራ፣ ሳሳ ወይም ዋንዛ ይትከሉ፤ ጥላው ፀሐይ ያጣራ እንጂ አይዝጋ። ሥሩን ጉዝጓዝ ያልብሱት፣ ኮምፖስት ይጨምሩ። ያረጀውን በበጋ ከመሬት 30 እስከ 40 ሳንቲሜትር ከፍ አድርገው ይጎንድሉት፤ ውሃ እንዳይቋጥር ቁርጡ ሸርተት ይበል። ካቆጠቆጠው ጠንካራ ሁለት ሦስቱን ብቻ ያስቀሩ።

ቅጠሉ ሲገረጣ

60 ሳንቲሜትር ይቆፍሩና ውሃ ይሙሉበት። በማግስቱ ጠዋት ውሃው እዚያው ካለ ሥሩ አየር አጥቷል፤ ቦይ ያውጡ። ውሃው ሰርጎ የሚገረጣው አሮጌው ቅጠል ከሆነ ናይትሮጅን ጎድሎታል። አዲሱ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ጅማቱ አረንጓዴ ከቀረ ብረት አላገኘም ማለት ነው፤ ኮምጣጣ አፈር ለማከም የሚጨመረው ኖራ ሲበዛም ይህ ይመጣል። ስለዚህ ጎረቤት ጨመረ ብለው ኖራ አይጨምሩ፣ አፈሩን ያስመርምሩ።

መልኩ ያማረ፣ ሲቀመስ ግን ጣዕም የሌለው ቡና

ሙቀት ፍሬውን ቶሎ ያቀላዋል፣ ውስጡ ግን ሳይጠነክር ይቀራል። ዝቅተኛ ማሳን ይርጋጨፌ የሚያደርግ ማዳበሪያ የለም። ጥላ ግን ሙቀቱን ያበርዳል፣ ብስለቱንም ያዘገየዋል። ቀዩን ብቻ እየመረጡ ይልቀሙ፤ ባልዲ ውሃ ውስጥ ሲጨምሩት የተንሳፈፈውን ለብቻው ያድርቁት።