የመጀመሪያዋ የእንፋሎት ሞዴል ባቡር በደሴ ብርድ፦ ችግርና መፍትሄ

በ45 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ላይ የምትሄድና በቡቴን ጋዝ የምትሠራ ትንሽ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ አልሄድም ስትል፣ ጀማሪው ቀድሞ የሚጠረጥረው የተሰበረ ዕቃ መኖሩን ነው። እኔም የመጀመሪያዬን ደሴ በሚገኘው ግቢያችን ለማስነሣት ስሞክር ሁለት ቅዳሜ መፍቻ ይዤ ውያለሁ፤ ያችው ባቡር ኮምቦልቻ ዘመድ ቤት በተወሰደች ጊዜ ግን አንድ ብሎን ሳይነካ ተነሥታ ሄደች። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆኑ፣ አየሩ በኮምቦልቻ ሞቅ ያለ፣ በደሴ ቀዝቃዛና ስስ ነው። ስለዚህ ከሚከተሉት ምልክቶች አንዱን ያየ ሰው መፍቻ ከማንሣቱ በፊት ብርዱን፣ ውሃውንና ዘይቱን ቢመረምር ይሻላል።

እሳቱ ይለኮሳል፣ ነገር ግን እየደከመ ይጠፋል

ይህ በአብዛኛው የጠዋት ችግር ነው። ቡቴን ከፈሳሽነት ወደ ጋዝነት ሲለወጥ ሙቀት የሚወስደው ከራሱ ታንክ ስለሆነ፣ በርነሩ (ጋዙ የሚነድበት ክፍል) በነደደ ቁጥር ታንኩ ይበልጥ ይቀዘቅዛል፤ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 2 ባር ገደማ የሆነው የጋዙ ፍጹም ግፊት (ከባዶ የሚለካው) በ5 ዲግሪ ወደ 1.2 ባር ይወርዳል። ታንኩ ሲነካ እጅን የሚያቆረፍድና ላብ ያወጣ ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው። መፍትሄው ከመለኮስ በፊት እጅ በሚችለው ልክ ለብ ባለ ውሃ የተነከረ ጨርቅ በታንኩ ላይ መጠቅለል፣ ወይም የአምራቹ መመሪያ የሚፈቅድ ከሆነ ፕሮፔን የተቀላቀለበትን ጋዝ መጠቀም ነው። ታንኩን ወደ እሳት ማስጠጋት ፈጽሞ አይገባም። ጋዝ በሚሞላበት ጊዜም ቡና የሚፈላበት የከሰል ምድጃ በዚያው ግቢ መኖር የለበትም፤ ቡቴን ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት እየተሳበ ፍሙ ዘንድ ይደርሳልና።

እሳቱ ቢጫ ይሆናል ወይም ያፏጫል

በከፍታ ቦታ ያለው አየር ስስ በመሆኑ፣ ዝቅተኛ ቦታ ላይ የተስተካከለ በርነር ደሴ ሲደርስ ጋዙ ይበዛበታል። በመጀመሪያ የጋዙን መክፈቻ ቀስ እያሉ መቀነስ፣ ካልበቃ የአየር ማስገቢያውን ቀለበት ጥቂት መክፈት ያስፈልጋል። ታንኩ ሞቆ ሳለ እሳቱ ከደከመ ግን የጋዝ መርጫዋ ቀዳዳ ተደፍና ይሆናል፤ ፈትቶ አሴቶን ውስጥ መዘፍዘፍና በተቃራኒው በኩል አየር መንፋት ነው። መርፌ መክተት ቀዳዳዋን ያሰፋታል፤ ከዚያ በኋላ የሚያዋጣው አዲስ መግዛት ብቻ ነው። እሳቱ በቦይለሩ (ውሃው በሚፈላበት ዕቃ) የእሳት ቧንቧ ውስጥ ሳይሆን ፊት ለፊት ጭስ ማውጫው ሥር የሚነድ ከሆነም ወዲያውኑ አጥፍቶ፣ ጋዙን ቀንሶ እንደገና መለኮስ ይገባል፤ አለበለዚያ ቀለሙ ይላጣል።

ግፊት አለ፣ ባቡሯ ግን አትንቀሳቀስም

በመጀመሪያ የማርሹ ዘንግ መሐል ላይ አለመቆሙን መመልከት ነው፤ መሐል ላይ ከሆነ ችግሩ አልቋል። ማርሹ ገብቶ እያለ የማትነቃነቅ ከሆነ ግን እንፋሎቱ ቀዝቃዛው ሲሊንደር ውስጥ ገብቶ ወደ ውሃነት ተለውጧል። ውሃ አይታመቅምና ፒስተኑን ያግደዋል፤ በኃይል የገፋ ሰው ዘንግ ያጣምማል። የእንፋሎቱን መክፈቻ ትንሽ ብቻ ከፍቶ፣ ጭስ ማውጫው ላይ ጨርቅ ይዞ ባቡሯን በእጅ ወደ ፊትና ወደ ኋላ በዝግታ ማመላለስ ይበቃል። ዘይት የተቀላቀለበት ትኩስ ውሃ ጨርቁ ላይ ይረጫል፤ ከዚያም ድምፁ ከእርጥብ ትፍታ ወደ ደረቅ እስትንፋስ ሲለወጥ እጅን መልቀቅ ይቻላል። ደሴ ላይ ይህ ከኮምቦልቻ ረዘም ያለ ጊዜ ይወስዳል።

ውሃ መትፋቷን ካላቆመች ቦይለሩ ከመጠን በላይ ተሞልቷል ማለት ነው። እንፋሎቱ የሚጠራቀምበት ክፍት ቦታ እንዲኖር፣ መመሪያው የሚያዝዘውን ያህል ውሃ በሲሪንጅ መልሶ መውሰድ ይገባል።

ጥቂት ዙር ከሄደች በኋላ እየከበዳት ትቆማለች

ይህ የዘይት ችግር ነው። በትንሿ የዘይት ዕቃ ውስጥ የሚገባው እንፋሎት ቀዝቅዞ ውሃ ሆኖ ወደ ታች ሲወርድ፣ ዘይቱ ወደ ላይ እየተገፋ ከእንፋሎቱ ጋር ወደ ሲሊንደር ይሄዳል። በመሆኑም ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ውሃውን ማውጣትና እንደገና ዘይት መሙላት ግድ ነው። ዕቃው ሲከፈት ዘይቱ እንደነበረ ከተገኘ መተላለፊያው ተደፍኗል፤ ወተት የመሰለ ፈሳሽ ከተገኘ ደግሞ የተሞላው የመኪና ሞተር ዘይት ነው። የሚያስፈልገው ቁጥር 460 ወይም 680 የሆነ የእንፋሎት ሲሊንደር ዘይት ነው፤ በዚህ ረገድ ምትክ መፈለግ አያዋጣም።

ግፊት ለማግኘት ከሳምንት ወደ ሳምንት ይዘገያል

ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ዝቃጭ ቦይለሩም ውስጥ ይጋገራል። ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ከፍታው እንፋሎትን አያዘገይም፤ የሚያዘገየው ዝቃጩ ነው። በክረምት የመጀመሪያው ዝናብ የቆርቆሮውን ጣሪያ ካጠበ በኋላ የሚጠራቀምና በጨርቅ የተጣራ ውሃ ጥሩ ነው። ለባትሪ የሚሸጠውን የተጣራ ውሃ የሚገዛ ሰው ግን፣ አሲድም በተመሳሳይ ጀሪካን ሊቀመጥ ስለሚችል አረጋግጦ ይግዛ።

እሳቱ እየነደደ ግፊቱ በድንገት ይወርዳል

ውሃው አልቋል። ጋዙን በቅጽበት መዝጋትና ቦይለሩ እስኪቀዘቅዝ መተው ነው፤ በጋለ ቦይለር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መጨመር የተበየደውን ያላቅቃል። በአብዛኛዎቹ ትንንሽ ባቡሮች የጋዙ ታንክ የተለካው ጋዙ ከውሃው ቀድሞ እንዲያልቅ ተደርጎ ነው፤ ይህ ስሌት የሚፈርሰው ልጆቹ «አንድ ዙር ብቻ» ሲሉ ውሃ ሳይጨመር ጋዝ ብቻ ሲሞላ ነው። እኔ ከዚያ ወዲህ የውሃውን ሲሪንጅ ከጋዙ ጣሳ ጋር በጎማ አስሬ አስቀምጣለሁ።