የአድናቂ ቪዲዮ የቅጂ መብትን አክብሮ እንዴት ይሠራል?

ከሚወዱት ፊልም ወይም ተከታታይ ድራማ ትዕይንቶችን ቆርጠው በመረጡት ዘፈን አጅበው ቪዲዮ ሲሠሩ፣ የምስሉም ሆነ የዘፈኑ ባለመብት ሌላ ሰው ነው። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው የአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ በአንቀጽ 107 ለትችት፣ ለሐተታ፣ ለትምህርትና ለመሳሰሉት ዓላማዎች የሌላውን ሥራ ያለ ፈቃድ መጠቀምን «ፍትሐዊ አጠቃቀም» ብሎ ይፈቅዳል። ዳኞች የአጠቃቀሙን ዓላማ፣ የዋናውን ሥራ ባሕርይ፣ የተወሰደውን መጠንና በገበያው ላይ የሚያስከትለውን ጉዳት አንድ ላይ ይመዝናሉ።

በመጀመሪያ ቪዲዮው ስለ ዋናው ሥራ ምን እንደሚል በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። ለምሳሌ ዘወትር በር ከፍታ እንግዳ የምታስገባ፣ ካሜራው ግን እንግዳውን ተከትሎ ጥሏት የሚሄድ ገጸ ባሕርይ አለች እንበል። በር ላይ የቀረችባቸውን ቅጽበቶች ከየክፍሉ ለቅሞ ማገናኘት ድራማው የነፈጋትን ትኩረት የሚተች አዲስ ፈጠራ ነው፤ ምርጥ የድብድብ ትዕይንቶችን መደርደር ግን ዋናውን ከመድገም ብዙም አያልፍም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1994 ለአዲስ ትርጉምና መልእክት ትልቅ ክብደት ሰጥቷል፤ በ2023 ግን አዲስ ትርጉም ብቻውን እንደማይበቃ፣ ዓላማው ከዋናው ምን ያህል እንደሚለይም መታየት እንዳለበት አስረግጧል።

ቀጥሎ እያንዳንዱን ቅንጣቢ በጻፉት ዓረፍተ ነገር ይፈትሹ፤ ቢወጣ ሐሳቡ የማይጎድል ከሆነ ያውጡት። እስከ 30 ሰከንድ መውሰድ ይፈቀዳል የሚባለው በሕጉ ውስጥ የለም፤ አጭር ቅንጣቢም የሥራው እምብርት ከሆነ ሊያስጠይቅ ይችላል። የባለቤቱን ስም መጥቀስ ተገቢ ቢሆንም ፈቃድን አይተካም።

ከሁሉ የሚከብደው ሙዚቃው ነው፤ ምስሉ ተቆራርጦ ሲገባ ዘፈኑ ብዙ ጊዜ ሙሉውን ይገባልና። ግጥሙ ምስሉን የሚተረጉም ወይም የሚሞግት ከሆነ ለመከራከር ምክንያት ይኖርዎታል፤ ለማሞቂያ ብቻ ከሆነ ግን ፈቃድ ያለው ሙዚቃ መምረጥ ይሻላል።

ቪዲዮው ከተጫነ በኋላ የባለመብትነት ጥያቄ ቢነሳበት ዓይነቱን ይለዩ። የዩቲዩብ ኮንተንት አይዲ ድምፅንና ምስልን ከባለመብቶች ሥራዎች ጋር የሚያነጻጽር ማሽን ስለሆነ ዓላማን አይመዝንም፤ በእርሱ በኩል ለመጣ ጥያቄ ተቃውሞ ማቅረብ ይቻላል። ባለመብቱ ሕጋዊ የማስወገጃ ማስታወቂያ ከላከ ግን በ1998ቱ የአሜሪካ የዲጂታል ቅጂ መብት ሕግ (DMCA) መሠረት ቪዲዮው ያለ አግባብ ተወግዷል የሚል ተቃራኒ ማስታወቂያ ይቀርባል፤ ባለመብቱ ክስ ካልመሠረተ ቪዲዮው ከ10 እስከ 14 የሥራ ቀናት ውስጥ ይመለሳል። አንዲት እናት የልጇን ጭፈራ የሚያሳይ የ29 ሰከንድ ቪዲዮ በመወገዱ ባቀረበችው ክስ፣ የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2015 ባለመብቶች ማስታወቂያ ከመላካቸው በፊት ፍትሐዊ አጠቃቀምን ማጤን እንዳለባቸው ወስኗል። ተቃራኒ ማስታወቂያ በሐሰት ምስክርነት የሚያስጠይቅና በአሜሪካ ፍርድ ቤት ለመዳኘት መስማማትን የሚጠይቅ ስለሆነ፣ ከመላኩ በፊት የሕግ ባለሙያ ማማከር ይገባል።