ቸርኬ ከመግዛታችሁ በፊት ሚዛን ላይ አውጡት

ፒያሳ መንገድ ዳር የሰው ኪሎ የሚመዝኑትን ልጆች ታውቋቸዋላችሁ። አንድ ቅዳሜ ባለ 22 ኢንች ቸርኬ አቅፌ የአንዱ ልጅ ሚዛን ላይ ወጣሁ። መጀመሪያ ብቻዬን ቆምኩ፣ 74። ከዚያ ከነቸርኬው፣ 92። ልጁ እየሳቀ "ጋሼ፣ የሁለት ሰው ነው የምትከፍለው" አለኝ። ከፈልኩት። 18 ኪሎ ማለት ነው፣ ያውም ጎማ ሳይገባበት። የሸጠልኝ ሰውዬ "ላባ ነው" ብሎ ነበር።

ሬንጅ ሮቨር፣ ላንድክሩዘር፣ ሌክሰስ ወይም ካየን የያዘ ሰው ቸርኬ ሲቀይር መጀመሪያ የሚያየው መልኩን ነው። አልፈርድም፣ እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ግን ቀላል ቸርኬ ፈልጋችሁ ከሆነ የወጣችሁት፣ ለነጋዴው የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ "አንዱ ስንት ኪሎ ነው?" ይሁን። የማያውቅ ከሆነ መዝኑት። የማያስመዝን ከሆነ ሌላ ሱቅ አለ።

ቀላልነቱ ምን ይጠቅማል? "ቸርኬ ላይ የቀነሰ አንድ ኪሎ ቦዲ ላይ አስር ኪሎ ነው" የሚባል ወሬ አለ። አትመኑት። የሚሽከረከር ነገር ወደፊት ለመሄድም ለመዞርም ጉልበት ስለሚፈልግ፣ ጎማው ዳር ላይ ያለ አንድ ኪሎ መኪናው ሲነሳ ቢበዛ የሁለት ኪሎ ያህል ነው የሚከብደው። በአራቱም እግር አምስት አምስት ኪሎ ብትቀንሱ፣ ፍጥነት ላይ የምታገኙት አንድ ቀጭን ተሳፋሪ ከማውረድ አይበልጥም። ከ2 ቶን በላይ በሚመዝን መኪና ላይ ይሄ ብዙም አይታወቅም።

የሚታወቀው ጉድጓድ ላይ ነው። ቸርኬው፣ ጎማውና ፍሬኑ ከሞላው በታች ያሉ ናቸው፣ መኪናው አየር ባሎን ካለው ደግሞ ከባሎኑ በታች። እነሱ ሲከብዱ አሞርዛቶሩ ጎማውን ቶሎ መልሶ መሬት ማስያዝ ያቅተዋል፣ ስለዚህ ኮብልስቶን ላይ የሚሰማችሁ ያ "ዱብ ዱብ" ይመጣል፣ መሪው ይንቀጠቀጣል፣ ኩሽኔታና ቡሽ ያለ ጊዜው ያልቃል። ቀላል ሲሆን ጎማው መንገዱን ይከተላል፣ እናንተ ቡናችሁን ሳትደፉ ትሄዳላችሁ።

የከተማችንን ከፍታም አትርሱ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነው ያለችው፣ አየሩ ስስ ነው፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ገደማ ያጣል። የድሮው ቤንዚን ቪኤይት ከለገሃር ወደ ፒያሳ ቸርችልን ሲወጣ ለምን እንደሚያቃስት አሁን ገባችሁ። ቸርኬ ይህን አያድነውም። ግን በየመብራቱ ቆሞ በሚነሳ መኪና ላይ ተጨማሪ ክብደት መጫንም አያስፈልግም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ክብደት ለመቀነስ ቀላሉ መንገድ ውድ ቸርኬ መግዛት ሳይሆን በኢንች መውረድ ነው። ብዙ ሰው ይሄን ሲሰማ ፊቱ ይጨማደዳል፣ ምክንያቱም 22 "ሙሉ" ይመስላል፣ 20 ደግሞ "የድርጅት መኪና"። እስቲ ቁጥሩን እንይ። እ.ኤ.አ. ከ2012 እስከ 2021 የተሠራው ሬንጅ ሮቨር ከፋብሪካ የሚወጣው በ235/65 አር 19፣ በ255/55 አር 20፣ በ275/45 አር 21 ወይም በ275/40 አር 22 ነው። የአራቱም ጠቅላላ ቁመት ተቀራራቢ ነው፣ ከ78 እስከ 79 ሴንቲሜትር አካባቢ። የሚለየው የጎማው ትከሻ፣ ማለትም ከቸርኬው ጠርዝ እስከ መሬት ያለው የላስቲክ ቁመት ነው፦ በ19ኙ 15 ሴንቲ፣ በ20ው 14፣ በ21ዱ 12 ከምናምን፣ በ22ቱ 11 ብቻ። (ማስላት ከፈለጋችሁ የመጀመሪያውን ቁጥር፣ ማለትም የጎማውን ስፋት በሚሊሜትር፣ በሁለተኛው ፐርሰንት ማባዛት ነው።) ከ22 ወደ 20 ስትወርዱ በጉድጓዱና በቸርኬው መካከል 3 ሴንቲ ተጨማሪ ላስቲክና አየር ታገኛላችሁ፣ ጎማውም ይጠባል፣ ክብደቱም አብሮ ይወርዳል።

እነዚያ 3 ሴንቲዎች ምን ያህል ዋጋ እንዳላቸው እኔ በገንዘቤ ነው የተማርኩት። ካዛንቺስ፣ ከአዲሱ የኮሪደር አስፋልት ወጥቼ ወደ ውስጥ ሰፈር ስታጠፍ፣ ክረምት ነው፣ ውሃ የሞላ ጉድጓድ። "ጧ!" አለ። ጎማው አልፈነዳም፣ ግን በማግስቱ ንፋሱ አለቀ። ጎሚስታው ውሃ ውስጥ ነክሮ አሳየኝ፣ ቸርኬው በውስጥ በኩል ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ አለው። አንድ ሰው "አርጎን ይበየዳል" አለኝ። የተሰነጠቀ አልሙኒየም ቸርኬ አይበየድም፣ ማለቴ ይበየዳል፣ ግን ብየዳው የነካው ቦታ ጥንካሬውን ያጣል፣ ቤተሰብ ጭናችሁ በፍጥነት መንገድ አትሄዱበትም። ጣሉት።

ፍሬናችሁ ትልቅ ከሆነ ግን መጠን ዝም ብላችሁ አትውረዱ። አንዳንዱ ሞዴል ካሊፐሩ (የፍሬን ሸራውን የሚጨምቀው ክፍል) ትልቅ ስለሆነ 19 አይገባበትም፣ 20ም ጭንቅ ይሆናል። ሾፌር በር ላይ ያለው ስቲከርና የመኪናው ማኑዋል የተፈቀዱትን መጠኖች ይነግሯችኋል። ከዚያ በላይ አንድ ቸርኬ አስገብታችሁ በእጅ አዙሩት፣ የትም ሳይነካ መዞር አለበት።

አሠራሩን በተመለከተ ገበያ ላይ ሦስት ዓይነት አለ። ተራው ካስት የቀለጠ አልሙኒየም ቅርጽ ውስጥ ፈስሶ የሚሠራ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ጠንካራ እንዲሆን ወፍራም መሆን አለበት፣ ስለዚህ ይከብዳል። ፍሎው ፎርምድ የሚባለው እንደ ካስት ተጀምሮ፣ ዙሪያው በሙቀት እየዞረ በሮለር ተጨፍልቆ ይሳባል፣ ይቀጥናል፣ ይጠነክራል። ፎርጅድ ደግሞ ድፍን አልሙኒየም በከባድ ፕሬስ ተመትቶ ከዚያ በማሽን የሚቀረጽ ነው፣ ከሁሉም ቀላልና ጠንካራ፣ ሲመታም ከመሰንጠቅ ይልቅ የመጣመም ዕድሉ ይበልጣል። ለእኛ መንገድ የኔ ምርጫ? ባለ 20 ፍሎው ፎርምድ። በባለ 22 ፎርጅድ ዋጋ ቸርኬውንም አራት ጥሩ ጎማም ትገዙበታላችሁ ብዬ ነው። ገንዘብ የማያሳስበው ባለ 20 ፎርጅድ ይግዛ፣ አልከለክልም።

ፎርጅድ ነው የተባለው ሁሉ ፎርጅድ አይደለም። ኮፒው ብዙ ነው፣ መሃሉ ላይ ያለው ምልክት ደግሞ ተለጣፊ ነው፣ ማንም ይለጥፈዋል። ገልብጣችሁ ጀርባውን እዩ። ደህና ቸርኬ የሚሸከመው ኪሎ፣ ስፋቱና ኦፍሴቱ (ቸርኬው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚወጣበት ልክ) ተጽፎበታል፣ የጃፓን ከሆነ የጄደብሊውኤልና (JWL) የቪአይኤ (VIA) የጥራት ማህተም ይኖረዋል። የሚሸከመው ኪሎ ካልተጻፈ፣ ሙሉ ጭነት ይዞ 3 ቶን ለሚያልፍ መኪና አትግዙት። ለሴዳን የተሠራ ቀላል ቸርኬ እናንተ መኪና ላይም ሊገጥም ይችላል። መግጠሙ መሸከም አይደለም።

የቡሎን ቀዳዳው ነገር (የመጀመሪያው ቁጥር የቀዳዳው ብዛት፣ ሁለተኛው ቀዳዳዎቹ የተደረደሩበት ክብ ስፋት በሚሊሜትር ነው)፦ ላንድክሩዘር 200ና ሌክሰስ ኤልኤክስ 570 ባለ 5 ቀዳዳ 150 ናቸው፣ ላንድክሩዘር 300 ባለ 6 ቀዳዳ 139.7፣ ከላይ ያልኩት ሬንጅ ሮቨር 5 በ120፣ ካየን 5 በ130። የመሃል ቀዳዳውም ሃቡ (ቸርኬው የሚታሰርበት የመኪናው ክፍል) ላይ ልክ መቀመጥ አለበት፣ ሰፊ ከሆነ ማጣበቢያ ቀለበት ይደረግበታል፣ ጠባብ ከሆነ ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስፋት የሚባለውን ሐሳብ እርሱት። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ዳዶውን ነው። የላንድክሩዘር 200 ኦሪጅናል አልሙኒየም ቸርኬ ጠፍጣፋ ዋሸር ያለው ዳዶ ነው የሚጠቀመው፣ ከውጭ የሚገዛው አብዛኛው ቸርኬ ግን ሾጣጣ ይፈልጋል። የድሮውን ዳዶ አዲስ ቸርኬ ላይ ካሰራችሁ የጠበቀ ይመስላል፣ ግን ቀስ በቀስ ይላላል። ከቸርኬው ጋር የሚሄደውን አብራችሁ ግዙ።

ጎማው ላይ አትቆጥቡ (ከተማችን ጎማ ቁጠባ የሚባል ሰፈር ቢኖራትም)። ከመጠኑ ቀጥሎ ያለው ቁጥር የጭነት ልኩ ነው። 106 ማለት አንዱ ጎማ 950 ኪሎ ይችላል ማለት ነው፣ 110 ደግሞ 1,060፣ 116 ደግሞ 1,250። ስቲከሩ ላይ ካለው በታች በፍጹም አትውረዱ፣ ምንም ያህል ቀላልና ርካሽ ቢሆን። እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ ኤሌክትሪክ ያልሆነ የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ ብዙዎቻችሁ ወደ ኤሌክትሪክ እየሄዳችሁ ነው፣ ባትሪው ከባድ ስለሆነ ይሄ ነገር ለእናንተ ይበልጥ ይሠራል። ከተማ ውስጥ ብቻ ለሚነዳ ደግሞ የጭቃ ጎማ ትርፉ ጩኸትና ክብደት ነው፣ የአስፋልት ጎማ ይበቃል።

የተሠራበትን ቀን እዩ። ጎማው ጎን ላይ ዶት (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉት አራት ቁጥሮች ሳምንቱና ዓመቱ ናቸው፣ 2224 ማለት በ2024 22ኛው ሳምንት። መርካቶ ውስጥ ፀሐይ ላይ ተደርድሮ የቆየ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ስለሆነ አዲስ ይመስላል፣ ላስቲኩ ግን ደርቋል። አራቱንም አንድ ዓይነት ግዙ፣ ሁልጊዜ በአራቱም እግር የሚጎትት መኪና ላይ የጎማ ቁመት ሲለያይ ዲፈረንሻሉ ነው የሚጎዳው።

ስታስገጥሙ ባላንስና አላይመንት አሠሩ፣ ዳዶውን በጎሚስታው የማጥበቂያ ሽጉጥ ብቻ አስጠብቃችሁ አትሂዱ፣ በቶርክ መፍቻ ይጨረስ፣ መቶ ኪሎሜትር ሳትሞሉ ደግሞ ተመልሳችሁ አስፈትሹት። ንፋሱን ጠዋት፣ መኪናው ሳይንቀሳቀስ፣ ስቲከሩ እንደሚለው ሙሉ። ወደ አዋሽ ስትወርዱ ከፍታው ወደ 1,000 ሜትር አካባቢ ስለሚደርስ መለኪያው 2 ፒኤስአይ ገደማ ያጎድላል፣ የቆላው ሙቀት ደግሞ ያንኑ ያህል ይመልሰዋል። ነድታችሁ ስትደርሱ ጎማው ግሎ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ብታዩት አትደንግጡ፣ ንፋስም አታስወጡ።