የኮሌጅ ቡድን ደጋፊ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች (ሁሉንም ሠርቻቸዋለሁ)

ማርች 16፣ 2018። አርብ ማታ ነው። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ አንድ ጓደኛዬ ቤት ስምንት ሆነን ቴሌቪዥኑን ከበናል። ዐቢይ ጾም ስለሆነ አሜሪካኖቹ ኳስ ሲያዩ የሚበሉት የዶሮ ክንፍ የለም። ሽሮ፣ ጎመንና ሱፍ ፍትፍት ቀርቧል። እኔ ብርቱካናማ ቲሸርቴን ለብሻለሁ። የተማርኩት የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ስለሆነ የቅርጫት ኳስ ቡድኔም እሱ ነው። ጨዋታው ገና ሳይጀመር የእሑዱን ጨዋታ ማን ቤት እንደምናይ ተስማምተን ጨርሰናል።

ስህተቶቼን መቁጠር የምጀምረው ከዚያች ማታ ነው።

ሳይጫወቱ ማለፍ

የኮሌጆቹ የማርች ውድድር ጥሎ ማለፍ ነው። 68 ቡድኖች ይገባሉ፤ ከቅድመ ማጣሪያው በኋላ 64 ይቀራሉ፤ አንዴ የተሸነፈ ወደ ቤቱ። በአራት ምድብ ይከፈሉና በየምድቡ ከ1 እስከ 16 ደረጃ ይሰጣቸዋል። 1ኛው መጀመሪያ የሚገጥመው 16ኛውን ነው። እስከዚያ ቀን በወንዶቹ ውድድር 135 ጊዜ ተገናኝተው 135ቱንም ያሸነፈው 1ኛው ነበር። እኛ ደግሞ ከአራቱ 1ኛዎችም በላይ የተቀመጥን ነን። 31 አሸንፈን 2 ብቻ ተሸንፈን ነው የመጣነው። ተጋጣሚያችን ባልቲሞር አጠገብ ያለው ዩኤምቢሲ (የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ባልቲሞር ካውንቲ) ነው። ከመካከላችን የአንዱ የአክስት ልጅ እዚያ ይማር ነበር። «አይዞህ፣ መሳተፍም ክብር ነው» ብለን በስልክ አጽናናነው።

እረፍት ላይ 21 ለ 21። «ይሞቃሉ» አልን። ከእረፍት በኋላ የሞቁት እነሱ ናቸው። በሁለተኛው አጋማሽ ብቻ 53 ነጥብ አገቡብን። የእኛ ቡድን በመከላከል ነበር የሚታወቀው፤ በሙሉ ጨዋታ በአማካይ የሚገባበት 54 ያህል ነው። እነሱ ያንን በግማሹ ሞሉት። 74 ለ 54 አለቀ። ቤቱ ጭጭ አለ። የጓደኛዬ እናት ቡና ይዘው ገቡና አንድ በአንድ አዩን። «ምነው ልጆቼ፣ ከአገር ቤት መጥፎ ወሬ መጣ እንዴ?»

የእኛው ተጫዋች ዲአንድሬ ሃንተር እጁ ተሰብሮ አልተሰለፈም ነበር። ይህን ሰበብ ለአንድ ዓመት ያህል ላገኘሁት ሰው ሁሉ አስረድቻለሁ። ማንም አልጠየቀኝም።

«በቃኝ» ማለት

ያን ሌሊት ቲሸርቱን አውልቄ የመኪናዬ የኋላ ኮፈን ውስጥ ወረወርኩት። ከእንግዲህ የምከተለው አርሰናልን ብቻ ነው አልኩ። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይሄ ነው።

ተጫዋቾቹ ግን አልሸሹም። ካይል ጋይ የተባለው ልጅ፣ በዚያ ሽንፈት ሜዳ ላይ አጎንብሶ የተነሳውን ፎቶ የስልኩ ስክሪን ላይ አደረገው። እኔ የዚያን ጨዋታ ስም እንኳ እንዳይነሳብኝ ስሸሽ፣ እሱ ሰዓት ባየ ቁጥር ያየው ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት ማርች እንደገና ደረሰ፤ እኔም «እስቲ አንድ ጨዋታ ብቻ» ብዬ ተመለስኩ። ከፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ጋር ነው። ስድስት ሰከንድ ገደማ ሲቀር በሁለት ነጥብ እየተመራን ነው። የእኛው ታይ ጀሮም የቅጣት ውርወራ ሳተ። በዚህ ጊዜ ተነሥቼ ጫማዬን እያሰርኩ ነበር። ከጀርባዬ ጩኸት ሰማሁ። የጊኒው ልጅ ማማዲ ዲያኪቴ ኳሱን ወደ ኋላ መታው፤ አጭሩ ኪሄ ክላርክ እስከ ራሳችን ሜዳ ሮጦ ደረሰበት፤ መልሶ በረጅሙ ለዲያኪቴ ላከለት፤ ዲያኪቴም ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ወርውሮ አገባ። 70 ለ 70። በጭማሪ ሰዓት 80 ለ 75 አሸነፍን። ያንን ምት በስልኬ መቶ ጊዜ አይቼዋለሁ። በቀጥታ ግን አላየሁትም፤ ጫማ እያሰርኩ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሳያልቅ አልነሣም። ከኦበርን ጋር ሲሆን 0.6 ሰከንድ ቀርቶ በሁለት እየተመራን፣ ሦስት የቅጣት ውርወራ ሊወረውር የቆመው ያው ካይል ጋይ ነበር። ሦስቱንም አገባ፤ 63 ለ 62። ኤፕሪል 8፣ 2019 ሚኒያፖሊስ ላይ ቴክሳስ ቴክን በጭማሪ ሰዓት 85 ለ 77 አሸንፈን ዋንጫ በላን። ሃንተር ብቻውን 27 አገባ። ያኔም ጾም ነበር፤ ድሉን በተልባ አከበርነው። ቲሸርቱ የመኪና ዘይት ሸትቶ ነበር፤ ለብሼው አደርኩ።

በልጆቹ ላይ አፍ መክፈት

በዚህኛው እስካሁን አፍራለሁ።

2023 ላይ 4ኛ ሆነን 13ኛውን ፈርማንን ገጠምን። ልናሸንፍ ሰከንዶች ቀርተዋል። ኳሱ ክላርክ እጅ ገባ። ሁለት ሰው ሲያጣብቀው ወደ ላይ ወረወረው፤ ተቀሙት፤ ባለ ሦስት ነጥብ አገቡና 68 ለ 67 ወደቅን። እኔም ስልኬን አንሥቼ ሰው ለጠላቱ የማይመኘውን ቃል ጻፍኩ፤ የልጁን ስም ጠቅሼ።

ጠዋት ባለቤቴ አነበበችው። «ይሄ ያ የሮጠው ልጅ አይደለም?» አለችኝ። ነው። ያ ልጅ ነው። አንዴ በርጋታ አስቦ ዋንጫ አስበላን፤ አንዴ ተደናግጦ አስበላን። ወንድ ልጄ ከእሱ በሁለት ዓመት ብቻ ያንሳል። የጻፍኩትን አጠፋሁት፤ ግን ስንት ሰው እንዳየው ቆጣሪው አሳይቶኝ ነበር።

ቤቲንግ

በአጭሩ፦ ተዉት። የቨርጂኒያ ሕግ እንኳ በራሱ ኮሌጆች ጨዋታ ላይ መወራረድ ይከለክላል። ሕጉ እኔን አይቶ የወጣ ይመስለኛል።

ስም ያለበት ማልያ መግዛት

ድሮ አንድ ልጅ ሲመጣ አራት ዓመት ይቆያል ብለህ ትለምደዋለህ። ከ2021 ጀምሮ ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ መቀበል ተፈቀደላቸው። ትራንስፈር ፖርታል የሚባለው ላይ ስሙን ያስገባ ልጅም አንድ ዓመት ሳይቀመጥ ሌላ ትምህርት ቤት ሄዶ መጫወት ቻለ። ለልጆቹ ተገቢ ነው እላለሁ፤ ሁሉም ከእነሱ ላብ ሲያተርፍ ኖሯል። ለደጋፊ ግን ከባድ ነው። ኖቬምበር ላይ የገዛኸው ማልያ ኤፕሪል ላይ የባላጋራ ስም ይሆናል። አሰልጣኛችን ቶኒ ቤኔት ራሱ፣ ያ ዋንጫ ያመጣው ሰውዬ፣ 2024 ኦክቶበር ላይ ውድድሩ ሊጀመር ሳምንታት ሲቀሩት ለዚህ አዲስ አሠራር እንደማይሆን ተናግሮ ተሰናበተ። እናቴ ስነግራት የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው፦ «ተማሪዎች ናቸው አላልከኝም? ታዲያ መቼ ነው የሚማሩት?» መልስ የለኝም። ግዙ ካልኳችሁ ከጀርባው የትምህርት ቤቱ ስም ብቻ ያለበትን ግዙ።

በጎረቤት መሳቅ

በእግር ኳሳቸው፣ ማለቴ በእጅ በሚይዙት ኳስ፣ ቨርጂኒያ ቴክ 15 ዓመት በተከታታይ አሸንፎናል። የቢሮ ባልደረባዬ የቴክ ልጅ ነው። በ2019 39 ለ 30 ስናሸንፍ ዶናት ይዤ ጠረጴዛው ላይ ቆምኩ። በቀጣዩ ዓመት መልሰው ሲረቱን ዶናቱን ከእነ ወለዱ መለሰልኝ።

ቂም መያዝ

ከ2018 ጀምሮ አንድ ሰው ላይ ቂም ነበረኝ። የዩኤምቢሲው አሰልጣኝ ራያን ኦደም። ያን ማታ ሜዳው ጠርዝ ላይ ሲዘል ፊቱ አሁንም ይታየኛል። ሌላ ቡድን ሲያሰለጥን እንኳ እንዲሸነፍ እመኝ ነበር።

ማርች 2025 ስልኬ ጮኸ። የአክስቱ ልጅ ዩኤምቢሲ የተማረው ጓደኛዬ ነው፤ እየሳቀ መናገር አቃተው። ቨርጂኒያ አዲስ አሰልጣኝ ቀጠረች። ራያን ኦደም። አባቱ እዚያው ምክትል አሰልጣኝ ሳለ ልጅየው ሜዳ ላይ ኳስ ያቀብል ነበር አሉ፤ ለካስ የእኛው ሰው ነው።

ብርቱካናማውን ቲሸርት ከቁም ሳጥን አወጣሁት። የዘይቱ እድፍ ደረቱ ላይ አለ። በሚቀጥለው ጨዋታ ማን ቤት እንደምንሰበሰብ ግን አልተነጋገርንም፤ መጀመሪያ እናሸንፍ ብያለሁ።